ያልተቆጠረ ትንፋሽ

ነገሩ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። እስካሁን ግን አልለቀቀኝም። አንድ ቅጽ ላይ አንድ ቃል ጻፍኩ፤ «ዝቅተኛ» የሚል። ከሥሩ ፈረምኩ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።

የማስተምረው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሙያዬ የንግግር ቴክኖሎጂ ነው። በተለይ ከሰው ጋር በድምፅ የሚነጋገሩ ሲስተሞች ላይ እሠራለሁ። ስልክ ደውለህ ስትናገር የሚሰማህ፣ የፈለግከውን የሚረዳህ፣ መልሶ የሚያናግርህ ማሽን ማለት ነው። በአማርኛ እዚህ ላይ የምንሠራው ጥቂት ነን። እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት። ስለዚህ የአንዲት ባልደረባችን የማዕረግ ዕድገት ፋይል ሲመጣ፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ እኔ ሆንኩ። ጥያቄዋ ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ነበር።

ፋይሉን የከፈትኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። አምስት ፔፐር አላት። ሁለቱ ጆርናል ላይ፣ ሦስቱ ኮንፈረንስ ላይ የወጡ። ጉግል ስኮላር ገጿን አየሁ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥር ነው። የመጀመሪያው ፔፐር 21 ጊዜ ተጠቅሷል። ሁለተኛው 9፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው 2። አምስተኛው ምንም። ኤች ኢንዴክሷ 3 ይላል። ቅጹ ላይ «የሕትመቶቹ ተፅዕኖ» የሚል መስመር አለ፤ ከፊቱ ባዶ ቦታ። «ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩበት። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ፋይሉን ዘጋሁት።

ክፋት አልነበረብኝም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ከባልደረባዬ ጋር ጠብ የለንም። ቁጥሩ የሚለውን ነው የጻፍኩት። እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። ክፉ ሳልሆን፣ ሳልቸኩል፣ ደንቡን ጠብቄ ነው የበደልኳት።

አንድ ቁጥር

ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን ነገር ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል፣ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ የሚያስተምር የፊዚክስ ሰው ነው። ዓመቱ 2005። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሂሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ፔፐሮችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ከተጠቀሱ፣ አራተኛው ግን አራት ካልሞላ፣ ቁጥርህ 3 ነው። ሂርሽ በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ የፊዚክስ ሰዎች 12 ገደማ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ 18 ገደማ ለፕሮፌሰርነት ቢሆን ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን አንድ ቁጥር የአንድን ሰው ሥራ ሙሉ መልክ ማሳየት እንደማይችል አስጠንቅቋል። በ2020 ደግሞ ይኸው ሰው፣ ያመጣው መለኪያ ክፉኛ ሊስት እንደሚችልና ያላሰበውን ጉዳት እንደሚያደርስ ጽፏል። ይህን የሚያህል ሐቀኝነት ከአንድ ተመራማሪ ሳይ ልቤ ይነካል። ቁጥሩ ባሕር ተሻግሮ እኛ ቅጽ ላይ ሲያርፍ ግን ማስጠንቀቂያው አብሮት አልመጣም።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ቅጽ አብልጦ የሚመዝነው ጆርናል ነው። በንግግር ሲስተም ዓለም ግን ትልልቁ ሥራ የሚወጣው ኮንፈረንስ ላይ ነው። ኢንተርስፒች ላይ፣ ሲግዳያል ላይ፣ ኤሲኤል ላይ። ቆየት ብዬ የምጠቅሳቸው ሁለት ሥራዎች፣ ሙያውን የቀየሩት ሁለቱም፣ የኮንፈረንስ ጽሑፎች ናቸው። በእኛ ቅጽ ብንመዝናቸው ግማሽ ነጥብ ነው የሚያገኙት። ይህን አውቅ ነበር። ስፈርምም አውቅ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት

በአሥራ አንደኛው ቀን የማስተርስ ዲፌንስ ነበር። የመጨረሻው ተማሪ በስልክ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ የሚይዝ የአማርኛ ሲስተም ነው የሠራው። እኔ የውስጥ ፈታኝ ነኝ። ስላይዱን ጨረሰና «ዴሞ ላሳይ» አለ። እንደተለመደው ቤተሰቡ መጥቷል። አበባ ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። ተማሪው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገና ወደ ኋላ ሄደ። ነጠላ ለብሰው ለተቀመጡ አንዲት እናት ሰጣቸው። አክስቱ ናቸው።

«እትዬ፣ እስኪ እርስዎ ይሞክሩት።»

ስልኩ ጠየቀ፤ «ለየትኛው ቀን ቀጠሮ ይፈልጋሉ?»

«ማክሰኞ ቢሆንልኝ ነው ልጄ።»

«ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ይስማማዎታል?»

እናትየዋ ቃል አልተነፈሱም። አፋቸውን ገርበብ አድርገው ያቺን አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አዎ ማለት ናት። እሺ ማለት ናት። ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው ማለትም ናት። የማያውቃት እንግዳ ደንግጦ «ምን ነካህ?» ይላል። እኔ ከመድረኩ ፊት ተቀምጬ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቄዋለሁ። የራሴን ሲስተም ስሞክር ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ይቅርታ፣ አልሰማሁም። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ስልኩ ግን «እሺ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተይዞልዎታል» አለ።

«ተባረክ» አሉት እናትየዋ፣ ለስልኩ።

ቤተሰቡ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ደርቄ ቀረሁ። ይህ ነገር ለምን እንዳስደነገጠኝ ትንሽ ላብራራ። ማሽን ንግግር ከመረዳቱ በፊት መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፅ አለ ወይስ የለም ብሎ መለየት ነው። ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ ደካማ ነው። ቃናም የለውም። ስለዚህ እንደ ጫጫታ ወይም እንደ ዝምታ ተቆርጦ ይጣላል። ሲስተሙ መልስ ሲጠብቅ ይቆያል፤ ከዚያ መልሶ ይጠይቃል። ሰውየው መልሶ ይተነፍሳል። ሦስተኛው ላይ ስልኩ ይዘጋል። እኛ ደግሞ ሪፖርት ላይ «ተጠቃሚው ምላሽ አልሰጠም» ብለን እንጽፋለን። ምላሽ ሰጥቷል እኮ። እንዲያውም እየተስማማ ነበር።

የጥያቄ ጊዜ ደረሰ። «ትንፋሹን እንዴት አወቀው?» አልኩት።

«ዶክተር፣ እንደ አንድ ቃል ቆጥሬ ነው ያስተማርኩት።»

«ለማስተማር እኮ ብዙ ምሳሌ ያስፈልግሃል። ማን ለይቶ ሰጠህ?»

«ዳታው ላይ ምልክት ተደርጎበታል።»

«የማን ዳታ?»

ስሟን ጠራ። ከዚያ፣ እንደማላውቅ ገርሞት ይመስለኛል፣ «ሁላችንም እኮ የእሳቸውን ዳታ ነው የምንጠቀመው» አለ። «በፍላሽ ነው የሚዞረው።»

ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

ስንወጣ ፍላሹን ለመንኩት። ሰማያዊ ናት፤ ክዳኗ ጠፍቶ በፕላስተር ተጠቅልላለች። ውስጧ የ84 ሰዎች ንግግር አለ። ማንበብ አይደለም፣ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲጨዋወት ነው። ከድምፆቹ ጎን «አንብቡኝ» የሚል የጽሑፍ ፋይል አለ። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፤ «ተናጋሪ 17፣ ሴት፣ 60 ዓመት ገደማ። 2፡14 ላይ ከውጭ የወያላ ጥሪ ገብቷል። 3፡40 ላይ አዎ፣ በትንፋሽ። 5፡02 ላይም ትንፋሽ አለ፤ ይህኛው ግን አዎ አይደለም፣ ደክሟቸው ነው።» እንዲህ እያለ ገጽ በገጽ ይሄዳል። ሁሉም ሰው አለ። እያንዳንዱ ትንፋሽ አለ።

ይህን ሁሉ የጻፈችው «ዝቅተኛ» ያልኳት ሴት ናት።

የደወለውን ሰው ጠይቁ

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሚመላለስብኝ በየዓመቱ የማስተምረው አንድ ትምህርት ነው።

በ1997 ማሪሊን ዎከር፣ ዳያን ሊትማን፣ ካንዳስ ካምና አሊሲያ አቤላ የሚባሉ ተመራማሪዎች «ፓራዳይዝ» ያሉትን የመመዘኛ ዘዴ አቀረቡ። የፈቱት ችግር ይህ ነበር። ሁለት የንግግር ሲስተሞች አሉ፤ የትኛው ይሻላል? ቀላሉ መንገድ መቁጠር ነው። ስንት ጊዜ ተመላለሱ? ስንት ሰከንድ ፈጀ? ግን አጭር ንግግር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ደዋዩ የፈለገውን ቶሎ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ተናዶ ዘግቶትም ሊሆን ይችላል። ከቆጠራው ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሌላ ነገር ጨመሩ። ጉዳዩ ተሳክቷል ወይ ብለው ለኩ፤ ደዋዩንም ረክተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። እያንዳንዱ ቁጥር ስንት እንደሚመዝን እንዲወስን ያደረጉት ያንን የደዋዩን መልስ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ከፍ ይላል። የምወደው ትምህርት ነው። «መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የደወለውን ሰው ጠይቁ» እላቸዋለሁ። ለማሽን ይህን ያህል ፍትሕ እንሰጣለን። የባልደረባዬን የዓመታት ሥራ ስመዝን ግን ምልልስ ብቻ ቆጥሬ ዘጋሁት። ሳይቴሽን፣ መጠቀስ ማለት፣ ምንድነው? አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። ምልልስ ነው። የምልልሱ ቁጥር ትንሽ ሲሆን ማንም አልፈለጋትም ማለት ይሆን? ወይስ የፈለጋት ሰው ሁሉ የፈለገውን አግኝቶ ሄዷል? አልጠየቅኩም። የእሷ ደዋዮች እኔ ቢሮ ኮሪደር ላይ ነበሩ። በሬን ከፍቼ አንዱን ብጠራው ይነግረኝ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ከፒትስበርግ ነው። የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎች፣ እነ አንትዋን ሮ፣ አለን ብላክና ማክሲን ኤስኬናዚ፣ «ሌትስ ጎ» የሚባል ሲስተም ሠርተው በ2005 ለከተማው ሕዝብ ከፈቱት። ማታ የአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ሲገቡ ስልኩን የሚያነሳው ማሽኑ ነው። ብርድ ላይ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ይደውላል። ከጀርባው መኪና ይጮሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ቀድሞ በላቦራቶሪ ተከፍሏቸው ከሚሞክሩ ሰዎች ጋር ይህ አይገናኝም። ያ ስልክ ለዓመታት ክፍት ቆየ። የተጠራቀመው ንግግር ለሌሎች ተመራማሪዎች ተሰጠ። በ2013 የተጀመረው፣ የንግግርን አካሄድ መከታተል ላይ ያተኮረ ውድድር የተነሳው ከዚያ ዳታ ነው። ከእሱ ስንት ፔፐር እንደተወለደ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል።

በእነሱና በባልደረባዬ መካከል ያለው ልዩነት የሥራው ጥራት አይደለም። የእነሱ ሥራ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነበረው። ተጽፎ ወጣ፣ ስም አገኘ፣ የሚጠቀስ ነገር ሆነ። ኤች ቲ ኬ የሚባለውን የካምብሪጅ መሣሪያ ውሰዱ። ሥራው የተጀመረው በ1989 ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ንግግር ማወቂያዎችም በእሱ ነው የተሠሩት። መሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ ስላለው፣ የተጠቀመበት ሁሉ መጽሐፉን ይጠቅሳል። ፍላሽ ላይ ያለ ዳታ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ስኮላር አያየውም።

ለአማርኛም ቢሆን መደርደሪያ አግኝቶ የተቀመጠ ሥራ አለ። ሰሎሞን ተፈራ አባተ ከቮልፍጋንግ ሜንትስልና ከባይሩ ታፍላ ጋር ሆኖ በ2005 ኢንተርስፒች ላይ ያቀረበው የድምፅ ክምችት ነው። ለማሠልጠኛው 100 ሰዎች 10,850 ዓረፍተ ነገሮችን አንብበውለታል፤ ወደ 20 ሰዓት ይሆናል። በኋላ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ተቀመጠ። ብዙዎቻችን ሙያውን የጀመርነው በእሱ ነው፤ ባለውለታችን ነው። ግን ንባብ ነው። የሚያነብ ሰው «አዎ» ብሎ አይተነፍስም። ማን ጠየቀውና? ያቺ ትንፋሽ የምትመጣው ከፊትህ የሚያናግርህ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ጉግልም ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ ስትናገር ይጽፍልሃል። እሱም ያው ነው። አንተ ትናገራለህ፣ እሱ ይጽፋል። ንግግሩ ባንድ ወገን ነው።

ገበሬው ለእርሻ ምክር የሚደውልበትን 8028 አስቡት። ከ2014 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደውለውበታል። የሚመልሱት ቁልፍ እየተጫኑ ነው። አንድ ቀን ቁልፉ ይቅርና በአፋቸው ይመልሱ ብንል፣ «ጤፍ ነው የዘሩት?» ተብሎ ሲጠየቅ ገበሬው ምን የሚል ይመስላችኋል? ወደ ውስጥ ይተነፍሳል። ያንን የሚሰማ ማሽን መሥራት የሚቻለው አንዲት ሴት ለአሥራ አራት ወር ማዳመጫ አድርጋ ትንፋሽ ስለለየች ነው።

በቅሎዋና አባቷ

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። በንግግር ላይ የተሠሩ የእኛን ተማሪዎች ቴሲሶች አወጣሁ። ሰባት አገኘሁ። የዳታ ምዕራፋቸውን ብቻ አነበብኩ። በስድስቱ ላይ የድምፆቹን ቁጥር፣ የሰዎቹን ዕድሜ፣ የፋይሎቹን አሰያየም እያየሁ የእሷ መሆኑን አወቅኩ። ስሟ ያለው ሁለቱ ላይ ነው፣ እሱም ምስጋና ገጽ ላይ። አራቱ ላይ «ዳታው ከተለያዩ ምንጮች ተሰብስቧል» ይላል።

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

ተማሪዎቹን አልወቅስም። ስለ ዳታው የሚጠቅሱት ፔፐር አልነበረም። ማንም ደግሞ እንዲህ ጥቀሱ ብሎ አላስተማራቸውም። ማስተማር የነበረብን እኛ ነን። ከአራቱ የሁለቱ አማካሪ እኔ ነኝ። ሽፋናቸው ላይ ፊርማዬ አለ። «ከተለያዩ ምንጮች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብቤ አልፌዋለሁ። ያኔ «የትኞቹ ምንጮች?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ ቅጹ ፊቴ ሲመጣ ሌላ ሰው እሆን ነበር።

ከዚያ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። የጠቀሷትን ጽሑፎች መቁጠር ትቼ አነበብኳቸው። 21 ጊዜ የተጠቀሰው ፔፐሯ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው በመግቢያ ነው፤ «በአማርኛ ላይ የተሠራው ጥቂት ነው» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጀርባ፣ ከሌሎች አምስት ስድስት ጋር ተደርድሮ። 4 ጊዜ የተጠቀሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ከአራቱ ሁለቱ ሙሉ ሥራቸውን የገነቡት በእሱ ላይ ነው። አንደኛው ገጽ ሙሉ ስለ እሷ ዘዴ ያወራል። ቁጥሩ ላይ 21 ከ4 ይበልጣል። ጽሑፎቹን ላነበበ ሰው ግን አራቱ ይከብዳሉ።

የእኔንም አየሁ። ኤች ኢንዴክሴ 9 ነው። በብዛት የተጠቀሰልኝ የሌሎችን ሥራ ሰብስቤ የቃኘሁበት ጽሑፍ ነው። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ጠቃሚ ነው፤ አላጣጥለውም። ግን አዲስ ነገር አላገኘሁበትም። እሷ በአሥራ አራት ወር ማሽን ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን «አዎ» አገኘች።

ሁለተኛ ጆሮ

ላውንጅ ውስጥ አገኘኋት። ማኪያቶ ፊቷ አድርጋ የፈተና ወረቀት ታርማለች። ነገር ማዞር አልፈለግኩም።

«ፋይልሽን ካዩት አንዱ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ውጤቱ ደርሶኛል። ለሚቀጥለው ዙር ተብሏል።»

«‹ዝቅተኛ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዳታውን አይተኸው ነበር?»

«አላየሁም።»

«እሺ» አለች።

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ማውራት ጀመረች። ስለ ዕድገቱ አይደለም፤ ስለ መጀመሪያዋ ትንፋሽ ነው። አንድ ሽማግሌ እየቀዳች ነበር። ቤት ገብታ ስታዳምጥ ጥያቄ አለ፣ መልስ የለም። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ። «ማይኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ትዝ ሲለኝ እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ። መልሰውልኛል። ባይመልሱልኝማ ወደ ሌላ ጥያቄ አላልፍም ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ መልሼ ሰማሁት። እዚያው አለች።» ይህን ስትናገር ፊቷ በራ። ከዚያ ቀን በኋላ የቀዳቻቸውን ሰዎች ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና አዳመጠች።

ሰዎች ሲነጋገሩ በተራና በተራ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ አጭር ነው። በ2009 የወጣ የአሥር ቋንቋዎች ጥናት ክፍተቱ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። አማርኛ ከአሥሩ ውስጥ የለም። ባልደረባዬ ይህን እየነገረችኝ «ትንፋሿ ከቃል ትቀድማለች ብዬ እገምታለሁ፤ ገና ግን አልለካሁትም» አለች። እኔም ቡናዬን ረስቼ መስማት ጀመርኩ። ለስንት ዓመት አንድ ኮሪደር ላይ ስንሠራ ይህን ጠይቄያት አላውቅም።

«እንጻፈው» አልኳት። «ዳታው በራሱ ፔፐር ይሁን። ክፍት ቦታ ይቀመጥ። የተጠቀመ ሁሉ ይጥቀሰው። አብረን እንሥራው።»

«አንተ ምኑን ሠራህ?»

የቁጣ ጥያቄ አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው። መልስ አጣሁ።

«ስሙ እንዲገባ የፈለገ ሰው ጆሮውን ያምጣ» አለችኝ።

ቁም ነገር ነበራት። ዳታ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ያደረገው ምልክት አይታመንም። ሁለተኛ ሰው የመጀመሪያውን ሳያይ ያንኑ ድምፅ አዳምጦ የራሱን ምልክት ማድረግ አለበት። ከዚያ ሁለቱ ምን ያህል እንደተስማሙ ይለካል። ካፓ የሚባል መለኪያ አለው። የኮንፈረንስ ገምጋሚ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እሷ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሁለተኛ ጆሮ አላገኘችም። ሁላችንም ፔፐር ላይ ነበርን።

ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ። «የሰጠሁት አስተያየት የሥራውን ዋና ክፍል ሳላይ የተሰጠ ነው» ብዬ፣ የስድስቱን ቴሲሶች ዝርዝር አባሪ አደረግኩ። ለሚቀጥለው ዙር ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ተደርጓል። ዙሩ ገና አልመጣም። የዚያ ተማሪ ቴሲስ ታርሞ ሲገባ የዳታው ምዕራፍ በእሷ ስም ነው የሚጀምረው። አሁን የማማክራቸው ተማሪዎችም እንደዚያው ያደርጋሉ።

እኔ የተሰጠኝ 300 ቁርጥራጭ ድምፅ ነው። የእሷን ምልክቶች አውጥታ ነው የሰጠችኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማዳመጫ አድርጌ እቀመጣለሁ። አንዷን አሁን ከመጻፌ በፊት ነው የሰማኋት። የባልደረባዬ ድምፅ ይጠይቃል፤ «ልጆችዎ እዚሁ ከተማ ናቸው?» ጸጥታ። ራቅ ብሎ ውሻ ይጮሃል። ስኒ ሲቀመጥ ይሰማል። ከዚያ በጣም አጭር ትንፋሽ፣ ወደ ውስጥ። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ድካም ይሆን ብዬ አራተኛ ጊዜ ሰማሁት።

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩን ከፈትኩ።